ያገለገለ የሽመና ዕቃ፦ የጉድጓዱ ወይስ ባለ ፍሬሙ?

ያገለገለ የሽመና ዕቃ ለመግዛት የሚያማክረኝ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀኝ ዋጋውን ነው። እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቀው ስለ ቤቱ ነው፦ ጉድጓድ ለመቆፈር ይመቻል? ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ነገሩ ከወዲሁ ያለቀ ነው።

ግቢ ላለው ግን የጉድጓዱን እመርጣለሁ። ሽሮ ሜዳ አካባቢ የዶርዜ ሸማኔዎች የሚሠሩበት ይኸው ነው፤ ሲፈታ ብዙ ቦታ አይዝም። ሸማኔው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ታች ይሰዳል፣ ድሩ ከፊት ለፊቱ ራቅ ብሎ ከተተከለ ካስማ ጋር ይወጠራል። እንጨቱ ቢሰበር ሌላ ይቆረጥለታል፤ ስለዚህ ሻጩ «ከአባቴ የወረስኩት ነው» ቢልዎት በዚያ ምክንያት ዋጋ አይጨምሩ። የሚከፈልበት ዋናው ነገር ድሩን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉት የክር ዓይኖችና ማጉን የሚያጠብቀው መምቻ ነው። መምቻውን ወደ ብርሃን አንሥተው ጥርሶቹን ይዩ። አንዱ ጥርስ ከጎረቤቱ ፈንጠር ካለ፣ በሚሸምኑት ነጠላ ሁሉ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስስ መስመር ይወጣል።

ጉድጓድ ሳያስፈልገው ወለል ላይ የሚቆመውን ባለ ፍሬሙን ሲገዙ ግን እንጨቱን ይጠራጠሩ። ሲባጎ ይዘው ከአንዱ ማዕዘን ወደ ትይዩው ይለኩ፣ ቀሪዎቹን ሁለትም እንዲሁ። ልኩ ካልተካከለ ፍሬሙ ተጣሟል፤ ጨርቁም ይጣመማል። እኔ አንዱን በመልኩ ተታልዬ ገዝቼ ነበር። ድሩ የሚጠቀለልበትን ግንድ የሚይዘው ባለ ጥርስ መንኰራኩር ተበልቶ ኖሮ፣ መምቻውን በመታሁ ቁጥር ይንሸራተታል፤ ድሩም ይረግባል። ጥቅሙ ስፋቱ ነው። በጉድጓዱ፣ ማጉን በድሩ መካከል የሚያሳልፈው መወርወሪያ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚያልፍ ስፋቱን የሚወስነው ክንድ ነው። ገመድ ሲሳብ የሚወረወር መወርወሪያ ያለው ፍሬም ግን፣ ጆን ኬይ በ1733 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ካወጣው ዘዴ ወዲህ፣ ይህ ገደብ የለበትም። ለመጋረጃና ለአልጋ ልብስ ይሻላል።

የትኛውንም ቢመርጡ ሳይሞክሩ አይክፈሉ። ሁለት ሜትር ያህል የፋብሪካ ክር ለድር፣ ጥቂት ፈትል ለማግ ይዘው ይሂዱና አንድ ስንዝር ይሸምኑ። መወርወሪያውን በባዘቶ ያሹት፤ ጥጡ የተያዘበት ቦታ ነገ ክር ይበጥሳል።

ፍሬሙን ፎቅ ላይ የሚያቆሙ ከሆነ ደግሞ የታች ጎረቤትዎን አስቀድመው ያነጋግሩ፤ የመምቻው ድምፅ ወለሉን ዘልቆ ይሰማል።