ፀሐይ፦ ከዜኒት ሲኤች 750 ጋር 14 ወር

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝን ቀድሜ ልመልስ። አዎ፣ ይህችን ትንሽ አውሮፕላን አሜሪካ፣ ዴንቨር ጋራዤ ውስጥ ነው የገጣጠምኳት። አዎ፣ ባለቤቴም ትሳፈራለች።

ሲኤች 750 ባለ ሁለት ወንበር የአልሙኒየም አውሮፕላን ናት። ነዳፊዋ ክሪስ ሄንትዝ ናቸው። ክፍሎቿ ተቆርጠው የሚመጡት ሚዙሪ ግዛት ውስጥ ሜክሲኮ ከምትባል ትንሽ ከተማ ነው። እዚያ ሄጄ በሁለት ቀን ሥልጠና የጅራቷን መሪ በገዛ እጄ ሠርቼ ይዤ ተመለስኩ። የቀረው ሦስት ዓመት ፈጀ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ማታ ማታ። ቆርቆሮዎቹን የሚያያይዘው ሚስማር፣ ሪቬቱ፣ ከአንድ በኩል የሚሳብ ስለሆነ ከኋላ የሚደግፍ ሰው አያስፈልግም። ለብቻው ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስሟን ፀሐይ አልኳት። እ.ኤ.አ. በ1935 አዲስ አበባ ላይ የተሠራችው አውሮፕላን ፀሐይ በጃንዋሪ 2024 ከጣሊያን ስትመለስ፣ እኔ የክንፉን የመጨረሻ ሪቬቶች እመታ ነበር። ሌላ ስም አልታየኝም።

አሁን ወደ በረራው። ከክንፎቿ ፊት ስላት የሚባል ጠባብ ተጨማሪ ክንፍ አለ። በዝግታ ስትበር አየሩን ከክንፉ ጋር አጣብቆ የሚይዘው እሱ ነው። በሰዓት ወደ 56 ኪሎ ሜትር እስክትወርድ ድረስ አትጥልህም። በወረቀት ላይ በ30 ሜትር ትነሳለች ይላል። ያ ግን በባሕር ጠለል ነው። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ናት። ሐምሌ ላይ፣ ሁለት ሰው ይዘን፣ በቀትር ሙቀት ከ100 ሜትር በላይ ሮጣ ነው የምትነሳው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩም፣ ፕሮፔለሩም፣ ክንፉም አብረው ይደክማሉ። ቦሌ ደግሞ 2,300 ሜትር ላይ መሆኑን ሳስብ፣ የእኛን አገር አብራሪዎች ይበልጥ አከብራለሁ።

ፈጣን አይደለችም። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የምሄደው። ከፊት የሚመጣ ነፋስ ካለ፣ ከታች አውራ ጎዳናው ላይ ያሉት መኪኖች ይቀድሙኛል። ቀላል ስለሆነች ነፋሱ እንደ ቅጠል ያንገላታታል። ተራራው አጠገብ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ አየሩ ይናወጣል። ስለዚህ የእኔ በረራ ጎህ ሲቀድ ነው። ሩቅ አገር መሄድ የምትፈልጉ ሌላ ፈልጉ። ሣር ሜዳ ላይ አርፎ ቡና መጠጣት ለሚወድ ግን እንደ እሷ የለም።

ሞተሯ 100 ፈረስ ጉልበት ያለው ሮታክስ 912 ነው። በሰዓት 18 ሊትር ገደማ ይወስዳል፤ የመኪና ቤንዚንም ይቀበላል። እኔ ሊድ (እርሳስ) ያለውን የአውሮፕላን ቤንዚን በተቻለኝ መጠን እሸሸዋለሁ። እሱን የሚያዘወትር ሰው ዘይት በየ25 ሰዓቱ መቀየር አለበትና። ዘይቱን ለመለካት መጀመሪያ ማቀጣጠያው መጥፋቱን ደጋግሜ አያለሁ። ከዚያ ፕሮፔለሩን በእጅ አዞራለሁ፤ ሞተሩ ውስጥ የቀረው ዘይት ተመልሶ የዘይት ታንኩ «ጉልግል» እስኪል። ይህን ሳያደርጉ የሚለኩት ዘይት ውሸት ነው።

በ130 ሰዓት ውስጥ አንዴ ብቻ አስደንግጣኛለች። ሽቅብ ስወጣ የማቀዝቀዣው ሙቀት ከልክ አለፈ። ጋዝ ቀንሼ፣ አፍንጫዋን ዝቅ አድርጌ ወዲያው ተመልሼ አረፍኩ። አንድ የቱቦ ማሰሪያ ላልቶ ውኃው እየተንጠባጠበ ነበር። ያሰርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ የሞተሩን ክዳን ሳልከፍት አልነሳም።

የመጀመሪያዎቹ 40 የሙከራ ሰዓቶች ያለ ተሳፋሪ ናቸው። ረዘሙብኝ፤ ግን ጠባይዋን ያወቅኩት ያኔ ነው። በ41ኛው ሰዓት ባለቤቴን አሳፈርኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ አልተናገረችም። ስንወርድ «ነገም እንሂድ» አለች።

ሠሪዋ እኔ ስለሆንኩ የመጠገን ፈቃድ አለኝ፤ ዓመታዊ ምርመራዋንም ራሴ ነኝ የምሠራው። በክረምት ከበሩ ሥር ብርድ ይገባል፤ ጉልበቷን የሚበርዳት ባለቤቴን ነው። የፊታችን ቅዳሜ በሩን አውልቄ ብርድ የሚከለክለውን የጠርዙን ጎማ እንደገና አስገባለሁ።