የሲያትሉ የብረት መናፈሻ በድሬ ልጅ ዓይን

አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ ዘመድ የሌለው የድሬ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ ይሄ ለብዙዎቻችሁ ይጠቅማል። እህታችሁ ጋ የሄዳችሁ እንደሆነ፣ ገበያ አዳራሹን ተዉትና ኦሊምፒክ ስካልፕቸር ፓርክ የሚባለውን እዩ። መግቢያ አይከፈልበትም። ትላልቅ ቅርጻ ቅርጾች ሜዳ ላይ የቆሙበት፣ ከባሕሩ ጠርዝ ያለ መናፈሻ ነው።

ድሮ እንደዚህ አልነበረም። ዩኖካል የሚባለው የነዳጅ ኩባንያ ነዳጅ የሚያከማችበትና የሚያመላልስበት ግቢ ነበር። መሬቱ ነዳጅ ጠጥቶ ስለነበር ከ120 ሺህ ቶን በላይ የተበከለ አፈር ተዝቆ ወጥቷል። ከዚያ የሲያትል የሥነ ጥበብ ሙዚየም ቦታውን ያዘና እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ከፈተው። ስፋቱ 3.6 ሄክታር ገደማ ነው፤ ብዙ አይደለም።

እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን ቅርጹ ሳይሆን መንገዱ ነው። ግቢውን አንድ የመኪና መንገድና አንድ የባቡር ሐዲድ ለሦስት ይቆርጡታል። ሌላ ቦታ ቢሆን ወይ ሐዲዱ ይነሳ ይባላል፣ ወይ ፓርኩ ይቀራል። ዌይስ ማንፍሬዲ የተባሉት የኒው ዮርክ አርክቴክቶች ሁለቱንም አልነኩም። ከከተማው በኩል ተነስቶ፣ እየተጠማዘዘ፣ አስፋልቱንም ሐዲዱንም በላያቸው ተሻግሮ ባሕሩ ድረስ የሚወርድ አንድ የእግር መንገድ ሠሩ። ቁልቁለቱ 12 ሜትር ያህል ነው አሉ፣ እግር ግን አያውቀውም። እናንተ ከላይ ስትንሸራሸሩ ረጅም የዕቃ ባቡር ከሥር ያልፋል። አቦ፣ የባቡር ጡሩምባ እየሰማ ላደገ ሰው ይሄ ብቻውን ይበቃል!

ፎቶ የሚነሳው ሰው ሁሉ የአሌክሳንደር ካልደር «ንስር» ጋ ነው የሚሰበሰበው። ቀይ ነው፣ ቁመቱ ወደ 12 ሜትር ይጠጋል፣ ያምራል። እኔ የቆየሁት ግን ሪቻርድ ሴራ የሠራው «ዌክ» ጋ ነው። ከአራት ሜትር በላይ የሚረዝሙ፣ እንደ ማዕበል የታጠፉ፣ የዛጉ ብረቶች ናቸው። በመሃላቸው ስታልፉ ግድግዳው የሚወድቅባችሁ ይመስላል፤ ጥቂት ስትራመዱ ደግሞ ወደ ኋላው ይሸሻል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ዝገቱ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንድ ቦታ ብርቱካንማ ነው፣ ውኃ የወረደበት ደግሞ ጠቆር ያለ ሰረዝ አለው።

የሉዊዝ ቡርዧ «አባትና ልጅ» የሚባል ፏፏቴም አለ። አባትና ልጅ እጃቸውን ዘርግተው ይፈላለጋሉ፤ አንዱ ሲታይ ሌላውን ውኃ ይሸፍነዋል፣ በየሰዓቱ ይቀያየራሉ። ሐሳቡ ሆድ ያባባል። ሁለቱም ልብስ ስላልለበሱ ግን ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ ጥያቄው ይበዛባችኋል።

እንደተመለስኩ ፎቶዎቹን ዕድሜያቸውን ምድር ባቡር ወርክሾፕ ለጨረሱ ጎረቤታችን አሳየኋቸው። ንስሩን ዝም ብለው አለፉት። ዌክ ላይ ሲደርሱ ግን «ይሄን ዝገት ለማየት ነው አሜሪካ ድረስ የሄድከው? ቀለም የሚቀባው ጠፋ?» አሉኝ።

«አይቀባም ጋሼ፣ የብረቱ ዓይነት ልዩ ነው። ላዩ ላይ የሚወጣው ዝገት ውስጡን እንዳይበላው ይጠብቀዋል።»

መነጽራቸውን አደረጉና ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። «ይሄን የሚያህል ብረት በምን አጎበጡት?» አልመለስኩላቸውም፣ ምን ብዬ። ምን ማለት ነው ብለው ግን አልጠየቁም፤ ከኔ የተሻለ ተመልካች ናቸው። ባቡሩ አሁንም ከሥር እንደሚያልፍ ስነግራቸው ብቻ «እሱስ ደግ አደረጉ» አሉ።

እኛም እኮ ግቢው አለን። ድሬ የሐዲድ ልጅ ናት። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ እዚህ ሲደርስ ተራራው ወደ ሐረር አላስወጣው አለ፣ ከተማዋም ሜዳው ላይ ተቆረቆረች። አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ ደግሞ ከከተማ ውጭ ነው፤ አሮጌው ግቢ ከነሎኮሞቲቩ፣ ከነፉርጎው፣ ከነቶርኖው ከዚራ የሚባለው ሰፈር ላይ ቀረ። እኛ ቅርጽ መግዛት አያስፈልገንም። ከአንዱ ፉርጎ ወደ ሌላው የሚወስድ የእግር መንገድ፣ ጥላ የሚሆን የኒም ዛፍ፣ ማሽኑ ምን ይሠራ እንደነበር በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ የሚናገር ሰሌዳ፣ ይኸው ነው። እባካችሁ ግን የሲሚንቶ አንበሳ አትጨምሩበት።

ከሲያትል የማንቀዳው ሰዓቱን ነው። የነሱ ፀሐይ ከጠለቀች ከ30 ደቂቃ በኋላ ይዘጋል። ድሬ ላይ ይሄ አይሠራም፣ እኛ ሙቀቱ በረድ ብሎ ከቤት የምንወጣው ያኔ ነው። መብራት ይደረግበትና እስከ ምሽት ይከፈት።

የምትሄዱ ሰዎች ጃኬት ያዙ፣ የባሕሩ ነፋስ ለድሬ ሰው አይሆንም። ሲመሽ የምትደርሱ ከሆነ ከባሕሩ ማዶ የኦሊምፒክ ተራሮች ይታያሉ፣ ሰማዩ ከጠራ ማለቴ ነው። ከአምስት አራት ተኩል ሰጥቼዋለሁ። ግማሿን የቀነስኩት ቅርጾቹን መንካት ስለሚከለከል ነው። ጋሼ ቢሄዱ ግን አንኳኩተው ሳይሞክሩት የሚመለሱ አይመስለኝም።