ለአደን ጠመንጃ የመነጽር መያዣ፦ ሙኔሳ ላይ በእጄ ያለፉት ሦስቱ

የምኖረው ሐዋሳ ነው፣ ታቦር ተራራ ሥር። ሥራዬ ግን ሐይቁ ዳር አይደለም። ፈቃድ አውጥተው ለአደን ከሚመጡ የውጭ እንግዶች ጋር ወደ ሙኔሳ ጫካ፣ አንዳንዴም ወደ ባሌ ደጋ እወጣለሁ። ዕቃ እሸከማለሁ፣ በቅሎ እጭናለሁ፣ ማታ ማታ ጠመንጃ እወለውላለሁ። ዘንድሮ 9ኛ ዓመቴ ነው።

እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት "ምን ይዤ ልምጣ?" ብለው ይጽፋሉ። የሚጠይቁት ስለ ጠመንጃውና ስለ መነጽሩ ነው። መነጽሩን ከጠመንጃው ጋር ስለሚያስረው ብረት የጠየቀኝ እስካሁን ሁለት ሰው ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ከሁሉም አብልጬ የምፈራው እሱን ነው። ስለዚህ በደንብ ስለማውቃቸው ሦስት መያዣዎች ልጻፍ። በተለይ ሥራውን አሁን የጀመራችሁ ልጆች አንብቡት።

የመጀመሪያው ቀላል የአሉሚኒየም መያዣ ነበር። እንግዳው .300 ዊንቸስተር ማግነም የሚባለውን ኃይለኛ ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ ይዞ መጣ። መነጽሩ ውድ ነው፣ ሲያዩበት ማዶ ያለው ዛፍ ቅጠሉ ይቆጠራል። ካምፕ እንደደረስን በ100 ሜትር ላይ ሞከረው። ሦስት ጥይት መዳፍ በማትሞላ ቦታ ገባ። ሁላችንም ደስ አለን። በማግስቱ ጠመንጃው በቅሎ ላይ ተጭኖ አራት ሰዓት ሙሉ ዳገት ወጣን።

ሁለተኛው ቀን ማታ ላይ አንድ ትልቅ የደጋ አጋዘን አስታው መሀል ብቅ አለ። 250 ሜትር ይሆናል። እንግዳው ተረጋግቶ ተኩሷል፣ አጠገቡ ስለነበርኩ አይቻለሁ። ጥይቱ ግን ደረቱን ትቶ የኋላ ታፋውን መታው። ደም እየተከተልን እስኪጨልም ሄድን። ሌሊቱን ዝናብ ዘነበ። ያገኘነው በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው፣ ገና በሕይወት ነበር። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ያ እንስሳ ያን ሌሊት እንዴት እንዳደረ ሳስብ ዛሬም ሆዴን ይበላኛል።

ካምፕ ተመልሰን እንደገና በ100 ሜትር ሞከርነው። ጥይቶቹ ከመጀመሪያው ቦታ 12 ሳንቲ ሜትር ወደ ቀኝ ሄደዋል። እንግዳው መነጽሩ ተበላሸ ብሎ አዘነ። ዱካ የሚመሩልን የአርሲ አባት ግን ምንም ሳይሉ መነጽሩን በእጃቸው ያዝ አድርገው ወዘወዙት። መነጽሩን አቅፈው ከሚይዙት ሁለት ቀለበቶች የኋላው ተነቃነቀ። በዓይን የማይታይ፣ በጣት ብቻ የሚሰማ ንቅናቄ ነው።

እዚህ ላይ ሒሳቡን አብረን እንሥራው፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። የፊትና የኋላ ቀለበቶች 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራራቃሉ እንበል። አንዱ 0.1 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ቢንሸራተት፣ ማለትም የአንድ ፀጉር ውፍረት ያህል፣ ጥይቱ በ100 ሜትር ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ይስታል። በ250 ሜትር 25 ሳንቲ ሜትር ነው። ደረቱ ላይ ያነጣጠርከው ሌላ ቦታ ያርፋል። ጠመንጃ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይረግጣል። መነጽሩ ግን ክብደት ስላለው ባለበት መቅረት ይፈልጋል። በየተኩሱ ሁለቱን አንድ ላይ የሚጎትታቸው ያ ትንሽ ቀለበትና ቀጫጭኖቹ ብሎኖች ናቸው። በዚያ ላይ የበቅሎው ንቅናቄ አለ።

ብሎኖቹን ለማጥበቅ ኮከብ ቅርጽ ያለው ቁልፍ ያስፈልግ ነበር፣ 15 ቁጥር። ካምፕ የለም። ሻሸመኔ ፈልጌ አጣሁ፣ ሐዋሳ ድረስ ወረድኩ። መናኸሪያው አካባቢ ባሉት መለዋወጫ ሱቆች ሁሉም የሚያወጣልኝ ተራ አለንኪ ነው። "በዚህ ይፈታልሃል ወንድሜ፣ ትንሽ ብቻ ጫን በለው" ያለኝም አለ። እንዲህ ያለውን ምክር እንዳትሰሙ። የማይገጥም ቁልፍ ጫን ካላችሁ የብሎኑ ራስ ይበላል፣ ከዚያ በኋላ ጫካ ውስጥ ማንም አይፈታውም። አራተኛው ሱቅ ውስጥ ሙሉ የኮከብ ቁልፍ ስብስብ አገኘሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከሻንጣዬ ወጥቶ አያውቅም።

ሁለተኛው መያዣ ታሊ የሚባለው የአሜሪካ ሥራ ነው፣ ብረቱና ተነቃዩ። አንድ ሽማግሌ እንግዳ .375 የሚባለውን ጥይት በሚተኩስ ጠመንጃ ላይ አስረውት መጡ። ከሦስቱ ልቤን የወሰደው ይህ ነው። ቀለበቱ ለሁለት የሚከፈለው ግራና ቀኝ ነው፣ እንደ ብዙዎቹ ላይና ታች አይደለም። ጎኑ ላይ በጣት የሚዞር ትንሽ እጀታ አለው። እሱን ስትፈታ መነጽሩ ከነቀለበቱ ይወጣል፣ ጠመንጃው በራሱ ማነጣጠሪያ ይቀራል። ሙኔሳ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዝግባው ሥር የምኒልክ ድኩላ የሚታየው ቅርብ ነው፣ ጭጋግ ሲወርድ ደግሞ መነጽር ውስጥ ከነጭ በቀር ምንም የለም። መንገድ ላይም መነጽሩን ለብቻው በጋቢ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ ይዤው እሄዳለሁ።

"ነቅለህ ስትመልሰው ቦታውን ይስታል" የሚሉ አሉ። እኔም እንደዚያ አስብ ስለነበር ሽማግሌውን አስፈቅጄ ሞከርኩት። ሦስት ጊዜ ነቅለን መለስነው፣ በየመሀሉ ሁለት ሁለት ጥይት ተኮሱ። በ100 ሜትር ላይ ስድስቱም ከ4 ሳንቲ ሜትር አልወጡም። 11 ቀን በቅሎ ላይ ከርሞም እዚያው ነበር።

እንከን የለውም አልልም። ብረት ስለሆነ ይከብዳል፣ ቀኑን ሙሉ የሚሸከመው ትከሻ ያውቀዋል። እጀታው ደግሞ አስታ ውስጥ ስንሄድ ቅርንጫፍ ይይዘዋል። አንድ ጊዜ በከፊል ተፈትቶ አገኘሁት። ስለዚህ በየእረፍቱ በአውራ ጣቴ ጫን እያልኩ አየዋለሁ።

ሦስተኛው ረጅም ጥርሳም ሐዲድ ነው፣ ፒካቲኒ የሚሉት። ጥንካሬው አያጠያይቅም። ግን ከነቀለበቱ መነጽሩን በጣም ከፍ አደረገው። እንግዳው ጉንጩን ሰደፉ ላይ ሲያሳርፍ ዓይኑ መነጽሩ ጋ አይደርስም፣ አንገቱን ማንሳት አለበት። አጋዘን ቆሞ አይጠብቅም። ሁለት ጊዜ አመለጠን።

ከፍታውን የምለካው እንዲህ ነው። መነጽሩ በርሜሉን ሳይነካ የሚቻለውን ያህል ዝቅ ይበል። በመሀላቸው ወረቀት አጥፌ አሳልፋለሁ፣ ካለፈ ይበቃል። የቀለበቱ ስፋትም ከመነጽሩ ቱቦ ጋር እኩል መሆን አለበት። ቱቦው ብዙ ጊዜ 25.4 ወይም 30 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ እንግዳ 30ውን ቀለበት በቀጭኑ ቱቦ ላይ ፕላስተር ጠቅልሎ አስሮት መጣ። ዋናው አዳኝ በዚያ ጠመንጃ አንድም ጥይት አላስተኮሰውም። ልክ ነበር።

ማጥበቅ ማለት ደግሞ ጉልበት ማሳየት አይደለም። የቀለበት ብሎን 2 ኒውተን ሜትር ገደማ የማጥበቂያ ኃይል ይበቃዋል፣ ከዚያ ካለፈ ቱቦው ይጨመቃል። ከማጥበቄ በፊት ብሎኑንም ቀዳዳውንም ከፋርማሲ በገዛሁት አልኮል ከዘይት አጸዳለሁ። ቀለበቶቹ የሚያርፉበትን መቀመጫ ጠመንጃው ላይ የሚይዙት ብሎኖች ላይ ባለቤቱ ከፈቀደ ሰማያዊውን ሎክታይት፣ ብሎን እንዳይላላ የሚይዘውን ሙጫ፣ ጠብ አደርጋለሁ። በመጨረሻ ከብሎኑ ራስ እስከ ቀለበቱ የምታልፍ ቀጭን መስመር በጥፍር ቀለም አሰምራለሁ። ብሎኑ ትንሽ እንኳ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል፣ ሳትነካው ታየዋለህ። ይህን ያስተማሩኝ ሽማግሌው እንግዳ ናቸው። ቀለሙን ከእህቴ ነው የወሰድኩት፣ ቀይ።

በሚቀጥለው ወር የሚመጣው እንግዳ እሱም .300 ነው የሚይዘው። ትናንት ጻፍኩለት። መያዣው ብረት ይሁን፣ ዝቅ ያለ ይሁን፣ ቁልፉን አብረህ ይዘህ ና አልኩት። በቅሎው ላይ ከመጫናችን በፊትና ከወረድን በኋላ መስመሮቹን አብረን እንደምናይም ነገርኩት።