የተሰወረ የቧንቧ ማፍሰስን ለማግኘት የቱ መሣሪያ ይሻላል? ለደሴ፣ ለኮምቦልቻና ለወልድያ ቤቶች የተዘጋጀ ንጽጽር

በገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ የማፍሰሻ መፈለጊያዎች የተሠሩት ውሃ ቀንና ሌሊት ከ3 እስከ 4 ባር ግፊት ይዞ ለሚመጣበት ቤት ነው። በፈረቃ ውሃ የሚቀበል ቤት ግን ሮቶውን ይሞላና ቀሪውን ቀን ከሮቶው በሚወርደው ይኖራል። 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 1 ባር ስለሆነ፣ ከቧንቧው 5 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ ያለው ግፊት ግማሽ ባር ብቻ ነው። በዚህ ግፊት የሚያፈስ ቧንቧ ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሁለት ነገር ይለዩ፦ የሚያፈሰው ከቆጣሪ እስከ ሮቶ ያለው መስመር ነው ወይስ ከሮቶ ወዲህ ያለው? ቧንቧውስ ብረት ነው ወይስ ፒፒአር (ፕላስቲክ)?

ቆጣሪና ሮቶ፦ ምንም ሳይገዙ

ውሃ በመጣ ቀን የሮቶውን መግቢያ ሳራቺኔስካና የግቢውን ቧንቧ ይዝጉ፤ ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሽ ተሽከርካሪ ኮከብ 15 ደቂቃ ይከታተሉ። ከዞረች ጥፋቱ ከቆጣሪ እስከ ሮቶ ባለው መስመር ነው። ውሃው እንደመጣ ግን አይለኩ፤ በመስመሩ የታሰረው አየርም ቆጣሪ ያዞራል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይታገሡ።

ከሮቶ ወዲህ ላለው መስመር፣ ማታ መግቢያውን ዘግተው የውሃውን ከፍታ በእንጨት ዘንግ ላይ ምልክት ያድርጉ። ሌሊቱን ማንም ሳይጠቀም ጠዋት ይለኩት። የሮቶው የውስጥ ወርድ 1 ሜትር ከሆነ 1 ሴንቲ ሜትር መውረድ ወደ 8 ሊትር ነው፤ 1.2 ሜትር ከሆነ ከ11 ሊትር በላይ ይሆናል። በማግስቱ ሌሊት መውጫውንም ዘግተው ይድገሙት። አሁንም ከወረደ ሮቶው ራሱ ወይም መጋጠሚያው ነው የሚያፈሰው።

ግድግዳ ከመንካትዎ በፊት ሽንት ቤቱን ይፈትሹ። የቀይ ሥር ጭማቂ በሽንት ቤቱ ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ጨምረው 30 ደቂቃ ሳይለቁ ይቆዩ፤ መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ከቀላ የታችኛው ላስቲክ አልቋል። ብዙ ሰው ሴራሚክ ካስነቀለ በኋላ ነው ይህን የሚያስታውሰው።

የእጅ ግፊት መፈተሻ ፓምፕ

አንድ መሣሪያ ብቻ የሚገዙ ከሆነ ምርጫችን ይህ፣ ውሃን በእጅ ወደ ቧንቧው እየገፋ ግፊቱን በመለኪያ የሚያሳየው ፓምፕ ነው። ዋጋው ሙቀትን ከሚያሳየው ቴርማል ካሜራ በብዙ ያንሳል፤ ለብረትም ለፒፒአርም ይሠራል፤ ባትሪም አይፈልግም። ቦታውን በሴንቲ ሜትር አያሳይም፤ የሚያፈሰውን ቅርንጫፍ ግን ለይቶ ይነግራል።

በመጀመሪያ የፓምፑን ቱቦ ጫፍ ደፍነው ፓምፑን ብቻውን ይፈትሹ። ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው የራሱ ቫልቭ ወይም ጥርሱ ነው፤ ይህን ያልፈተሸ ሰው ጤነኛ ግድግዳ ያፈርሳል። ቀጥለው የሮቶውን መውጫ ይዝጉ፤ የሽንት ቤቱን፣ የቦይለሩንና የሻወር ሂተሩን ቱቦዎች ፈትተው ጫፋቸውን ይድፈኑ። መስመሩን በውሃ ሞልተው ከሁሉ ከፍ ካለው ቧንቧ አየሩን ያስወጡ። ከዚያ ለአሮጌ ብረት 3 ባር፣ ለፒፒአር 6 ባር ድረስ ይግፉ። ፒፒአር በግፊት ስለሚለጠጥ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መለኪያው ቢወርድ አይደንግጡ፤ በ10ኛውና በ20ኛው ደቂቃ መልሰው ይሙሉትና ከዚያ በኋላ ያለውን 30 ደቂቃ ይመዝግቡ። አሁንም ከወረደ የየክፍሉን ሳራቺኔስካ አንድ በአንድ እየዘጉ ይድገሙት። ዝገት የበላውን ብረት ከ3 ባር በላይ መግፋት የደከመውን ቦታ መብሳት ነው። በኮምፕረሰር አየር መፈተሽ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከር፤ የታመቀ አየር ቧንቧውን ሲያፈነዳ ስብርባሪው ሰው ይጎዳል።

የድምፅ መሣሪያ

እዚህ ላይ ቧንቧው ብረት መሆኑ ይወስናል። ብረት ድምፅን ርቆ ይወስዳል፤ ፕላስቲክ ቶሎ ያፍነዋል። አሮጌ የብረት መስመር ባለበት ቤት ተራው የማዳመጫ ዘንግ ብዙ ይረዳል፤ ፌሮ ብረትን ሳራቺኔስካው ላይ አስደግፎ ሌላውን ጫፍ ከጆሮ ማስጠጋትም ያው ሥራ ነው። ኤሌክትሮኒኩ፣ የጆሮ ማዳመጫ ያለው፣ ትንሹን ድምፅ ያጎላል፤ የጎረቤትን ጄኔሬተርና የመንገዱን ባጃጅም አብሮ ያጎላል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይጠቀሙበት። በሮቶ ግፊት ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ በፓምፑ 3 ባር ሲደርስ ግን ፉጨቱ ይሰማል። ቤቱ በሙሉ ፒፒአር ከሆነ ኤሌክትሮኒኩን አንመክርም።

ቴርማል ካሜራ

ካሜራው የሚያየው ውሃን ሳይሆን የገጽ ሙቀትን ነው። ቦይለር ኖሮ ሙቅ ቧንቧ በግድግዳ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ ውሃውን 20 ደቂቃ አስኪዶ ማየት ነው፤ የሚያፈስበት ቦታ እየሰፋ እንደሚሄድ ትኩስ ነጠብጣብ ይታያል። ብዙ ቤት ግን የሚጠቀመው በሻወሩ ራስ ላይ የሚገጠም ሂተር ነው፤ በግድግዳው ውስጥ ሙቅ ቧንቧ የለም፣ የካሜራውም ትልቁ ጥቅም አብሮ ይቀራል። ቀዝቃዛ ውሃ በትነት ምክንያት ግድግዳውን የሚያቀዘቅዘው በ1 ወይም በ2 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በኮምቦልቻ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የመታው ግድግዳ ይህንን ይሸፍነዋል። ጎሕ ሲቀድ ይሞክሩ። የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ የራስዎን የሰውነት ሙቀት መልሶ እንደሚያሳይም አይዘንጉ፤ ወደ ጎን ዘወር ብለው ሲያዩ ነጠብጣቡ ከተከተልዎ እርስዎ ነዎት።

እርጥበት መለኪያና ሌሎች

ሁለት መርፌ ያለው የእርጥበት መለኪያ ርካሽ ነው። ለጭቃ ቤት ከሌሎቹ ይልቅ ይስማማል፤ ጭቃው ድምፅን ይውጣል፣ መርፌው ግን በቀላሉ ይገባል። ቁጥሩ ለእንጨት የተሠራ ስለሆነ ለብቻው አይመኑት፤ ደረቅ መሆኑን በሚያውቁት ግድግዳ ላይ ለክተው ያነጻጽሩ። በየ20 ሴንቲ ሜትሩ በጠመኔ ቁጥሩን ግድግዳው ላይ ይጻፉና ከፍተኛው የት እንደሚሰበሰብ ይዩ። ነጭ ጨው የወጣበት ልስን ሐሰተኛ ከፍተኛ ቁጥር ይሰጣል። በክረምት፣ በተለይ ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ባሉ ተዳፋት ሰፈሮች፣ የግድግዳው የታችኛው ግማሽ ሜትር ከመሬት ስለሚስብ ልኬቱ ብዙም አይታመንም።

በተዳፋት ላይ ከላይኛው ግቢ የፈሰሰው በታችኛው ጎረቤት መሠረት ይወጣል። ከመጨቃጨቅ የመዋኛ ገንዳ ክሎሪን መለኪያ ወረቀት ውሃው ውስጥ ይንከሩ። ቀለሙ ከተለወጠ የቧንቧ ውሃ ነው፤ ካልተለወጠ ግን የላይኛው ግቢ ነጻ ነው ማለት አይደለም፣ አፈር ክሎሪንን ቶሎ ያጠፋዋል።

በስልክ የሚሠራው ባለ ገመድ ካሜራ በብሎኬቱ ቀዳዳ ውስጥ ለማየት ጥሩ ነው፤ ቀድሞ ቀዳዳ መብሳት ግን የግድ ነው። 5 በመቶ ሃይድሮጅንና 95 በመቶ ናይትሮጅን ወደ ቧንቧው አስገብቶ ጋዙ የሚወጣበትን ቦታ የሚፈልገው የጋዝ ዘዴ ለፕላስቲክ ቧንቧ ከሁሉም ይበልጣል፤ ዋጋው ግን ለአንድ ቤት አይሆንም፤ ለሆቴል ወይም ለፎቅ ነው።

ሲገዙ

የፓምፑን መለኪያ ይዩ፤ ብዙዎቹ እስከ 60 ባር ስለሚያሳዩ የ0.2 ባር መውረድ አይታይባቸውም። እስከ 10 ባር የሚያሳይ መለኪያ ለብቻው ገዝተው ይቀይሩት፣ ጥርሱ መግጠሙንም እዚያው ሱቅ ያረጋግጡ። ቴርማል ካሜራ ከገዙ ከ160 በ120 ፒክስል በታች አይውሰዱ። በስልክ ለሚሠራው ባለ ገመድ ካሜራ የገመዱ ጫፍ ታይፕ-ሲ መሆን አለመሆኑን በራስዎ ስልክ ሰክተው ይሞክሩ።