ደሴ የጥርስ ክሊኒክ ሂሳብ ክፍል ለምትሰራው እህታችን፦ አላህ ይስጥልን!

ይቺን ልጅ በአደባባይ ሳላመሰግን ባልፍ ህሊናዬ አይፈቅድልኝም። ሐኪም አይደለችም። ደሴ፣ ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ የሂሳብ መስኮት ላይ ተቀምጣ የኢንሹራንስ ወረቀት የምትሞላ ወጣት ናት። "ስሜን እንዳትጽፍ" ስላለችኝ አልጽፍም። ስራዋን ግን ሰው ሁሉ ይወቅልኝ።

ነገሩ የአክስቴ ነው። ተወልደው ያደጉት ሐይቅ ነው፤ አሁን የሚኖሩት ቨርጂኒያ። አረፋን ከኛ ጋር ሊያሳልፉ ሲመጡ ጥርሳቸውንም እዚሁ ሊሰሩ አሰቡ። ከላይ ሙሉ ሰው ሰራሽ ጥርስ፣ ከታች ደግሞ አጥንት ላይ የሚተከለው፣ ኢምፕላንት የሚባለው። የመስሪያ ቤታቸው የጥርስ ኢንሹራንስ ውጭ አገር የተሰራውንም ወረቀቱ ከተሟላ ከፊሉን ይመልሳል። ሁሉም ኢንሹራንስ እንዲህ አይደለም፣ የሳቸው ግን እንዲህ ነው። ታዲያ መከራችንን ያበላን ይሄ "ወረቀቱ ከተሟላ" የሚሉት ነገር ነው።

መጀመሪያ የሄድንበትን ቤት ስም አልጠራም። የሚነቃነቁትን ጥርሶች ነቀሉ፣ ራጅ አነሱ፣ ብር ተቀበሉ። ደረሰኙ ላይ "የጥርስ ህክምና" ብለው ድምሩን ብቻ ጻፉበት። የቱ ጥርስ? ምን ተደረገለት? መቼ? ምንም የለም። አክስቴ ላኩት፣ ኢንሹራንሱ መለሰው። ዘርዝሩልን ብለን ስንመለስ ሰውየው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየን "ደረሰኝ ተሰጥቷችኋል አይደል? ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?" አለን። እናቱ የሚሆኑ ሴት ፊቱ ቆመው እኮ ነው! አንድ ወንበር እንኳን አላላቸውም። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሌላ ቦታ ደግሞ ባሰ። "የሚከፍሉት አሜሪካኖቹ ናቸው፣ ዋጋውን ከፍ አድርገን እንጻፈው" አሉን። አክስቴ "ሐራም ነው ልጄ" ብለው ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ።

እዚህች ልጅ ዘንድ የደረስነው ተስፋ ቆርጠን ነው። ገና ስታያቸው ከመስኮቱ ወጥታ አስቀመጠቻቸው። "አብሽሩ እናቴ፣ ይስተካከላል" አለቻቸው። ስለ ብር ከመናገሯ በፊት የኢንሹራንሱን ደንብ ከስልካቸው ላይ አስከፍታ አነበበች። ከዚያ ማንም ያልጠየቀንን ጠየቀች። "ከታች በቀኝ የነበረችው መቼ ነው የተነቀለችው? የግራዋስ?"

የቀኟ አሜሪካ፣ ኢንሹራንሱ ውስጥ እያሉ የተነቀለች ናት። የግራዋ ግን በልጅነታቸው ሐይቅ ነው የተነቀለችው። ኢንሹራንሱ ከመግባታቸው በፊት ለተነቀለ ጥርስ ምትክ እንደማይከፍል፣ ብዙ ኢንሹራንሶችም እንዲህ ያለ ደንብ እንዳላቸው ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። "ደግሞ ሳንጀምር ጽፈን እንጠይቃቸው፣ ስንት እንደሚከፍሉ አውቀው ይግቡ" አለች። መልሱ ልክ እሷ እንዳለችው መጣ። አክስቴም የግራዋን ተዉት። ብራቸው ከወጣ በኋላ ቢሰሙት ኖሮስ?

ከሁሉም ያስገረመኝን ልንገራችሁ። ሐኪሙ ካርዱ ላይ ለቀኟ ጥርስ "46" ብሎ ጽፏል። ልጅቷ ቅጹ ላይ "30" ብላ ሞላች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ወረቀት ገልብጣ አፍ ሳለችልኝ። እኛ ጋ የመጀመሪያዋ አሃዝ ከአፋችን አራት ክፍሎች አንዱን ትነግራለች፣ ሁለተኛዋ በዚያ ክፍል ውስጥ ጥርሷ ስንተኛ እንደሆነች። አሜሪካ ግን ከላይ ከቀኝ ጥግ ጀምረው ዙሪያውን እስከ 32 ይቆጥራሉ። "46 ብለን ብንልክ እነሱ ጋ የለችም" አለችኝ። ለእያንዳንዱ ስራም መለያ ቁጥር አለው፤ ለላይኛው ሙሉ ጥርስ ዲ5110፣ ለተከላው ዲ6010 ብላ ጻፈች። የቀረውን እኔ አልገባኝም፣ እሷ ግን እንደ ፋቲሃ በቃሏ ታውቀዋለች ወላሂ።

የተተከለው ከአጥንቱ ጋር እስኪያያዝ ወራት ይፈልጋል፣ ከላይ የሚገጠመው ጥርስ ከዚያ በኋላ ነው የሚሰራው። "አንድ ላይ አድርጊውና እንገላገል" ብላት "ያልተሰራ አይጻፍም ወንድሜ" አለችኝ። አክስቴ የሷን እጅ ይዘው የመረቁትን ምርቃት ብትሰሙ! በሚቀጥለው ሲመጡ ጥርሱ ተገጠመ፣ ያኔ ለብቻው ጻፈችው።

ብሩ ገባ። ሙሉው አይደለም፣ እንደነገረችን ከፊሉ ነው። ለአክስቴ ግን ትልቅ ነገር ነው። እኚህ ሴት ሌሊት እየሰሩ እኔንና እህቶቼን ያስተማሩ ናቸው። የደብተር፣ የዩኒፎርም፣ የቤት ኪራይ፣ ሁሉም ከሳቸው ነው የሚመጣው። ለራሳቸው ግን ጥርስ እንኳን ሳይሰሩ ስንት ዘመን ቆዩ። ፎቶ ስንነሳ ሁልጊዜ በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ይሸፍኑ ነበር። አሁን በቪዲዮ ሲደውሉ ጥርሳቸውን እያሳዩ ነው የሚስቁት፣ ማሻአላህ።

እናቴም አብራን ሄዳ ስለራሷ ጠይቃት ነበር። እኛ የተሁለደሬ ሰዎች የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድንን ቀድመን ነው ያወቅነው፤ በ2003 ዓ.ም ሲጀመር ወረዳችን ከ13ቱ የሙከራ ወረዳዎች አንዷ ነበረች። ልጅቷ ያ መድን ሰው ሰራሽ ጥርስን እንደማይጨምር በግልጽ ነገረቻት። ገበያ ለመሳብ "ይሸፍናል" ማለት ትችል ነበር፣ አላለችም። አሜሪካ ያላችሁ ጡረተኞችም ዋናው ሜዲኬር፣ የመንግስት የአዛውንቶች ጤና መድን ማለት ነው፣ ለሰው ሰራሽ ጥርስ እንደማይከፍል እወቁ፣ ተጨማሪ ኢንሹራንስ ካላችሁ እሱን አሳዩዋት።

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልዲያም ቢሆን ሂዱ። ዘመድ ከውጭ ሲመጣላችሁ እሷ ጋ ውሰዱት፣ ደግሜ እላለሁ፣ እሷ ጋ ውሰዱት። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ስትሄዱ የኢንሹራንሱን ደንብ፣ የድሮ ራጅ ካላችሁ እሱንም ያዙ። ጥርሳችሁ መቼ እንደተነቀለም አስታውሳችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።