የአራት ኪሎ መጽሐፍ አዟሪዎች፦ አገልግሎታቸው እንዴት ነው?

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን መጥታ ነበር። እዚያው ነው ያደገችው። አማርኛ ትሰማለች፣ ትናገራለችም፤ ለማንበብ ግን ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመች ነው። ልትመለስ ሦስት ቀን ሲቀራት "የኛ አገር ሰው የጻፈው መጽሐፍ ግዢልኝ፣ ግን ዝም ብለሽ አታንሺልኝ፣ ማን እንደጻፈው ማወቅ እፈልጋለሁ" አለችኝ። መጻሕፍት መደብር ልወስዳት እችል ነበር። ይዣት የሄድኩት ግን አራት ኪሎ፣ አዟሪዎቹ ጋ ነው።

ስለ ምግብ ቤት፣ ስለ ስልክ፣ ስለ ፀጉር ቤት ሰው አስተያየቱን ይጽፋል። ስለ መጽሐፍ አዟሪ የሚጽፍ ግን አላጋጠመኝም። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ጊዜዬ ጀምሮ ደንበኛቸው ነኝ፤ ቤቴ ካሉት መጻሕፍት ግማሽ ያህሉን የገዛሁት ከእነሱ ነው። ስለዚህ የሚመሰገኑበትንም የሚወቀሱበትንም እዚህ ልጻፈው።

ለማያውቅ ሰው፣ አዟሪ ማለት ከእጁ እስከ አገጩ ድረስ መጽሐፍ ቆልሎ በካፌዎችና በታክሲ ተራ መሃል የሚዞር ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ ቦታ ይዘው መሬት ላይ ላስቲክ ዘርግተው ይሸጣሉ። ማኪያቶ እየጠጣችሁ ቁጭ ካላችሁበት መጽሐፉ ራሱ እግሩን አንስቶ ይመጣል። የማትፈልጉ ከሆነ አንገት ከነቀነቃችሁ ይበቃል፣ አይጨቀጭቁም። ሰፈሩ ከታደሰ ወዲህ ግን ድሮ የማውቃቸውን ብዙዎቹን በድሮ ቦታቸው አላገኘኋቸውም። የኔን ሰውዬ ለማግኘት ሁለት ልጆች ጠይቄ ነው።

እኚህን ሰው ጋሼ ነው የምላቸው። ከሃያ ዓመት በላይ መጽሐፍ ሸጠዋል። ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ ላስቲኩን እየገለጡ ነበር። "ለማን ነው?" አሉኝ። ለሷ ነው አልኳቸው። ወደሷ ዞሩና "ምን ዓይነት ሰው የጻፈውን ትፈልጊያለሽ ልጄ? ሐኪም አለ፣ መሐንዲስ አለ፣ ጋዜጠኛ አለ፣ ታስሮ የተፈታም አለ" አሏት።

ሌላ ቦታ እንዲህ ተብዬ ተጠይቄ አላውቅም። ልብ ወለድ ነው ወይስ ታሪክ፣ አማርኛ ነው ወይስ እንግሊዝኛ ነው የሚሉት። ጋሼ ግን መጽሐፉን ከሰውየው መንገድ ጋር ነው የሚሸጡት። ሰውየው ከየት ተነሣ፣ ምን ሲሠራ ኖሮ ነው ብዕር ያነሣው፣ ለምን። ይኼ ነው የአዟሪዎቹ ትልቁ አገልግሎት፣ ለኔ ከዋጋውም በላይ።

ሐኪሙን አስቀደሙ። አብርሃም ቨርጌዝ አዲስ አበባ ነው የተወለደው፣ እ.ኤ.አ. በ1955። ወላጆቹ ከሕንድ የመጡ አስተማሪዎች ነበሩ። እዚሁ ሕክምና ሲማር አብዮቱ ፈነዳና አቋርጦ ወጣ። አሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ሲያነሣና ሲያጋድም ቆየ፣ ትምህርቱን ሕንድ ሄዶ ጨረሰ፣ ተመልሶ አሜሪካ የኤድስ ሕሙማንን ሲያክም ኖረ፣ ከዚያ በኋላ ነው ሥራውን ለጊዜው ትቶ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ድርሰት ሊማር የገባው። እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ልብ ወለድ አዲስ አበባ ባለ የሚሲዮን ሆስፒታል ውስጥ ይጀምራል። ሰፈርተኛው ስሙን እያጣመመ "ሚሲንግ" ይለዋል። የአክስቴ ልጅ ይኼን ስትሰማ ሳቀች። እሷም ነርስ ናት።

መሐንዲሱ ነጋ መዝለቂያ ነው፣ የጅጅጋ ልጅ። አብዮቱንና ጦርነቱን በልጅነቱ አይቶ፣ ሆላንድ ተምሮ፣ ካናዳ ገብቶ በምህንድስና ሲሠራ ስለ ልጅነቱ የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2000 ከካናዳ ታላላቅ የመጽሐፍ ሽልማቶች አንዱን አገኘ። ይኼኛው በእጃቸው አልነበረም። "ቢገኝም አንድ ቀን አያድርም" አሉ። እውነታቸውን ነው፣ እኔም አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት።

ከዚያ ዲናው መንግሥቱን አነሡ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ልጅቷን የያዛት ይኼ ነው። ዲናው እ.ኤ.አ. በ1978 አዲስ አበባ ተወልዶ በሁለት ዓመቱ ነው የወጣው። እንደሷ ማለት ነው፤ አገሩን የሚያውቀው ከቤተሰቡ አፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ዋሽንግተን ውስጥ፣ ሎጋን ሰርክል አጠገብ ትንሽ ሱቅ ስለከፈተ ሐበሻ ነው። የአክስቴ ልጅ "ሎጋን ሰርክልማ ለሥራ ቦታዬ ሁለት ፌርማታ ነው" አለች። መጽሐፉን ከጋሼ እጅ ወስዳ እዚያው ቆማ ሁለት ገጽ አነበበች። ዋጋም አልጠየቀችም። ስንት ዓመት ሙሉ በዚያ አደባባይ ስታልፍ አንድ የአገሯ ልጅ እንደጻፈው አታውቅም ነበር፤ ያወቀችው አራት ኪሎ ጭቃ ላይ ቆማ ነው።

መዓዛ መንግሥቴን እኔ ነኝ የጠየቅኳቸው። አልነበራቸውም። ታሪኳን ግን ያውቁታል። በልጅነቷ ከአገር ወጥታ ናይጄሪያንና ኬንያን አልፋ አሜሪካ ያደገች ናት። እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣችው መጽሐፍ የጣልያንን ጦር ስለተዋጉ ሴቶች ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ለቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ስድስት ዕጩዎች ገብቷል። እኔን የሚገርመኝ እሱ አይደለም። መጽሐፉን ለዓመታት ስትጽፍ ቆይታ ነው የገዛ ቅድመ አያቷ እንደዘመተች ከእናቷ የሰማችው። ቅድመ አያቷ የአባቷ ጠመንጃ ለባሏ ሊሰጥ ሲል ከስሳ፣ ተሟግታ፣ ረትታ፣ ጠመንጃውን ይዛ ሄዳለች። መጽሐፉ ቤቷ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃት ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ አማርኛው። እዚህ ላይ አዟሪዎች የሚወዳደራቸው የለም።

"ለማንበብ ትቸገራለች" ስላቸው ጋሼ ወዲያው የበዕውቀቱ ስዩምን ግጥም አወጡ። "ግጥም አጭር ነው። ቀስ እያልሽ ትለቅሚዋለሽ" አሏት። በዕውቀቱ የጎጃም ማንኩሳ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ሥነ ልቦና ነው። "ማንኩሳ" ሲሉ ጋሼ ድምፃቸው ይለወጣል። "ፍቅር እስከ መቃብር የሚጀምረው የት ሆነና!" እውነት ነው፣ የበዛብህ ወላጆች አገር ማንኩሳ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ደግሞ አርበኛ፣ ጣልያን አገር የታሰሩ፣ ኋላም አምባሳደር የነበሩ ሰው ናቸው። አንድ የገጠር ከተማ በአንድ ዲፕሎማት ብዕር ታወቀች፣ ከዚያው ደግሞ ገጣሚ ወጣ። ይኼን ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚነግራችሁ የመደብር መደርደሪያ የለም።

አዳም ረታን ለኔ ለራሴ ነው ያነሣሁት። የተማረው ጂኦግራፊ ነው። ዕድሜውን ብዙውን በውጭ አገር፣ ሆላንድና ካናዳ ነው ያሳለፈው፤ የሚጽፈው ግን የአዲስ አበባን መንደር፣ ያውም ከነሽታው ነው። ታሪኮቹ እንደ እንጀራ ዓይን ናቸው፣ አንዱ ከአንዱ ይያያዛል፤ ስልቱን ራሱም "ሕጽናዊነት" ብሎታል። ከባድ ነው ይላሉ ሰዎች። እኔ አልልም። ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት "ግራጫ ቃጭሎች"ን ነው፣ ከአዟሪ ገዝቼ፣ በአንድ የፈተና ሳምንት፣ ማንበብ በማይገባኝ ሰዓት። ዓለማየሁ ገላጋይ ደግሞ እዚሁ አራት ኪሎ ያደገ ጋዜጠኛ ነው። መጻሕፍቱ የሚሸጡት ራሱ ባደገበት ሰፈር አስፋልት ላይ ነው። ይስማዕከ ወርቁን ብዙ አልልም፤ በ2001 ዓ.ም. "ዴርቶጋዳ" ሲወጣ አዟሪ ሁሉ እሱን ብቻ ይዞ ይዞር እንደነበር የኔ ዕድሜ ያለው ሰው ያስታውሳል፣ ያኔ መጽሐፍ ነክተው የማያውቁ የክፍሌ ልጆች እሱን ጨርሰው ሌላ ፍለጋ ሲወጡ አይቻለሁ።

ታስሮ የተፈታ ያሉት ማንን እንደሆነ ስጠይቃቸው "ሴት ናት" አሉኝ። ሕይወት ተፈራ። የኢሕአፓ ወጣት የነበረች፣ በደርግ ዘመን ስምንት ዓመት የታሰረች። ያንን ዘመን በእንግሊዝኛ የጻፈችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ አሳተመው፤ በአማርኛም "ማማ በሰማይ" ተብሎ ወጥቷል። ጽፋ ግን በዚያ አላበቃችም። ወደ ጎንደር ዘመን ተሻግራ "ምንትዋብ"ን ሰጠችን።

እዚህ ላይ ወቀሳዬ ይጀምራል። ሕይወትን ያገኘሁት ስለጠየቅኩ ነው። ክምሩ ላይ ከላይ ያለው ሁሉ የወንድ ስም ነው። ሴት ደራሲ ካልጠየቃችሁ አይወጣላችሁም። በሌሎች ቋንቋዎቻችን የተጻፈውማ ከነጭራሹ የለም ማለት ይቻላል። የዳባ ወዬሳን "ጎዳኒሳ" ፈልጌ አራት አዟሪ ጠይቄያለሁ፤ በኦሮምኛ ልብ ወለድ ስሙ የሚነሣ መጽሐፍ ነው፣ አራቱም አልነበራቸውም። አንደኛው "አይጠየቅም እህቴ" አለኝ። እየጠየቅኩህ ነው እኮ! ደንበኛ ስንሆን ደጋግመን ብንጠይቅ ይመጣል ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቱም እነዚህ ሰዎች የሚይዙት የተጠየቁትን ነው።

ሁለተኛው ወቀሳ ይብሳል። ኮፒ። ያለ ደራሲው ፈቃድ እየተባዛ የሚሸጥ መጽሐፍ መንገድ ላይ ብዙ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከአንድ ወጣት አዟሪ የገዛሁት ልብ ወለድ ቤት ገብቼ ሳነበው ከገጽ 33 እስከ 48 የለም። ልጁን ፈልጌ አጣሁት። ገንዘቡ አልነበረም ያናደደኝ። እዚህ አገር ብዙ ደራሲ ማተሚያ ቤት የሚከፍለው ከራሱ ኪስ ነው፣ ተበድሮም ያሳትማል። ኮፒውን ስገዛ ያ ሰው ሁለተኛ መጽሐፍ እንዳይጽፍ እያደረግኩ ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሽፋኑን አገላብጡ፣ ፊደሉ የደበዘዘ ወይም የጠመመ ከሆነ ተዉት፣ ገጾቹን ቁጠሩ። ኦሪጅናል አለህ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አብዛኞቹ ሲጠየቁ አይዋሹም፤ ጋሼማ ኮፒ አይዙም፣ ለዚህ ነው ርቄ ሄጄ እሳቸውን የምፈልገው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። አዟሪ የሚነግራችሁን የደራሲ ታሪክ ሁሉ እንዳለ አትውሰዱ። በተለይ የበዓሉ ግርማን። ስለ አሟሟቱ እያንዳንዱ አዟሪ የራሱ ታሪክ አለው፣ አይቻለሁ የሚልም ገጥሞኛል። የሚታወቀው ይኼ ነው፦ በዓሉ ኢሉባቦር የተወለደ፣ አባቱ ሕንዳዊ ነጋዴ የነበሩ፣ ጋዜጠኝነትን እዚህም አሜሪካም የተማረና የአዲስ ዘመን ዋና አዘጋጅ የነበረ ሰው ነው። "ኦሮማይ" በ1975 ዓ.ም. ወጣ፣ ተሰበሰበ፣ እሱም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ጋሼ ግን እዚህ ላይ ዝም ነው የሚሉት። "ቀረ" ብለው መጽሐፉን ይሰጧችኋል። "ኦሮማይ" እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ታትሟል፤ ለአክስቴ ልጅ ይኼን ስነግራት ስልኳ ላይ ጻፈችው።

ዋጋ? ሦስት መጽሐፍ፣ አንዱ ያገለገለ እንግሊዝኛ፣ 1,200 ብር ተጠርተን በ950 ወሰድን። በቴሌብር ከፈልኩ። ከመደብር በመጠኑ ይረክሳል፤ ያገለገለ ከሆነ በጣም ይረክሳል። አትከራከሩ አልልም፣ ግን ዝናብ ላይ ቆሞ የሚውል ሰው መሆኑን እያሰባችሁ ይሁን። የሚሻለው ሰዓት ከ10 ሰዓት በኋላ ነው፣ ጠዋት ብዙዎቹ አይገኙም።

ባለፈው እሑድ ደወለችልኝ። አንዱን የበዕውቀቱ ግጥም በስልክ አነበበችልኝ፣ ሁለት ቃል ላይ ቆማ፣ ተመልሳ። የዲናውን ጨርሳዋለች። ከሥራ ስትወጣ ሎጋን ሰርክል ወርዳ፣ አደባባዩን ዞራ ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ።

ትናንት ለጋሼ ስልኬ ላይ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ ቆዩበት።

"ሱቁ በየት በኩል ነው ይላል?" አሉኝ።