ለጥምቀት ጎንደር የምትመጡ፣ ፒያሳ ላይ ማኪያቶ ከማዘዛችሁ በፊት ሜኑውን ፎቶ አንሱ

ከምሽቱ አራት ሰዓት ሆኗል፤ ንዴቴ አልበረደልኝም። ሌላ ሰው እንዳይገባበት ዛሬውኑ ልጻፈው።

እናቴን፣ ከ19 ዓመት በኋላ ከዋሽንግተን የመጣችውን አክስቴንና ልጇን ይዤ ፋሲል ግቢን ስናይ ዋልን። እዚያም ለአገር ሰውና ለውጭ ሰው ዋጋው ይለያያል፤ ግን ከመግባታችን በፊት ተነገረን፣ ትኬት ተቆረጠልን፣ ማናችንም ቅር አላለንም። ስንወጣ እናቴ ደክሟት ነበር። «ነገ ገሃድ ነው፣ ወተት ያለበትን ዛሬ እንጠጣ» አለች።

መንገዱ ዳር ቄጠማ ጎዝጉዘው ጀበና የጣዱ እናቶችን አልፌ ነው የወሰድኳቸው። ወዴት? አዲስ አበባ በየሰፈሩ ቅርንጫፍ ያለው ካፌ ፒያሳ ላይም ከፍቷል፣ እዚያ። ቦሌ ስጠጣ የኖርኩት ነው፣ ዋጋውን አውቀዋለሁ፣ እንግዶቼን አያሳፍረኝም ብዬ። በበዓል ሰሞን አልጋውም ባጃጁም እንደሚጨምር አላጣሁትም። ስሙን አምኜ ነው የገባሁት፤ እስካሁን የሚቆጨኝም ይኸው ነው።

ሜኑው ላይ ማኪያቶ 90፣ ኬክ 180፣ ውሃ 40 ብር ይላል። አራት ማኪያቶ፣ ሁለት ኬክ፣ አንድ ውሃ አዘዝን። 10 በመቶ ሰርቪስና 15 በመቶ ቫት ሲጨመርበት 961 ብር ከ40 ሳንቲም ነው፤ በስልኬ አስልቼዋለሁ። አስተናጋጁ ትዕዛዙን እንደጻፈ «ለሌላ ጠረጴዛ ነው» ብሎ ሜኑውን ከእጄ ወሰደው። ምንም አልጠረጠርኩም።

ሂሳቡ መጣ። የማሽን ደረሰኝ አይደለም፤ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ 2,150.50 ተጽፏል። ተሳስታችኋል አልኩት። ሄዶ ሜኑ አመጣ። ሽፋኑ ያው ነው፤ ውስጡ ግን ማኪያቶው 200፣ ኬኩ 400፣ ውሃው 100 ሆኗል። በጣቴ ስዳብሰው ቁጥሩ ስቲከር ነው። ጠርዙን በጥፍሬ ስልጠው ከሥር 90 ወጣ። ለአክስቴ ላሳያት ዞር ስል ማናጀሩ መጥቶ ሜኑውን ነጠቀኝ።

«የበዓል ዋጋ ነው» አለ። ማሽኑስ? «ተበላሽቷል።» ታዲያ ቫቱን በምን ቆረጣችሁት ስለው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ዘመዶችሽ ከውጭ መጥተው የለ እንዴ፣ ምን አስጨነቀሽ?» አለኝ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረና «እማማ፣ ርካሽ ከፈለጋችሁ ጀበና ቡና ውጭ አለላችሁ» አላት።

ቤቷ የገባ ሰው ሦስተኛውን ስኒ ሳይጠጣ እንዲወጣ የማትፈቅድ ሴት ናት እናቴ። አንድ ቃል አልመለሰችለትም። ነጠላዋን አስተካከለችና አንገቷን ደፋች። አክስቴ ቦርሳዋን ከፍታ «ተይው ልጄ፣ እኔ ልክፈል» ብላ ዶላር ስታወጣ የሰውየው እጅ ወዲያው ተዘረጋ። ያቺ እጅ ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። ከ19 ዓመት በኋላ ጎንደርን ላሳያት ያመጣኋት ሰው ፊት!

አክስቴን ከለከልኳትና ራሴ ከፈልኩ። የተሰጠኝ የባንክ ቁጥር የካፌው አልነበረም፤ የግለሰብ ስም ነው የመጣው። ክርክር ፈርቼ፣ እናቴ ቶሎ እንድትወጣ ብዬ፣ እያየሁት ላክሁለት። ቫት ብለው የወሰዱት 280 ብር ከ50 ለመንግሥት ሊገባ ይችላል ብሎ የሚያምን ካለ ይንገረኝ። እዚያ ቁጭ ብዬ የማሽን ደረሰኝ ካልተቆረጠልኝ አልከፍልም ማለት ነበረብኝ።

የምትመጡ ሰዎች፣ ሜኑውን ሳይወስዱባችሁ ፎቶ አንሱት፤ ማሽኑ ይሠራል ወይ ብላችሁም ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ። ሌላ የምመክረው የለኝም።

በእጅ የተጻፈው ወረቀትና የላክሁበት ማረጋገጫ እጄ ላይ ናቸው። ነገ ጠዋት፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሳይወርዱ፣ ንግድ ጽሕፈት ቤት ይዣቸው እሄዳለሁ።